ጉዳይዎ ይታያል

በይታያል ደብተር ላይ፣ ከክፍልፋዩ ኋላ፣
«ስቶክሆልም» ብዬ ጻፍኩ፣ ስሕተቴን ላጲስ እየበላ።
«አንደኛ ቀን፦ መርከብ። ሁለተኛ ቀን፦ ድልድይ።
ሦስተኛ ቀን፦ ምንም፤ ወንበር ስቦ ማየት፣ ሰማይ።»
ካርታውን የተወልኝ አንድ ዝምተኛ እንግዳ ነው፤
ዝናብ መታው፣ ባንቺአየሁ በካውያ አደረቀችው።

እሷው ነች ከጎኔ ጎመን እየቀነጠሰች፣
«አንድ አዳር ስንት ብር ነው?» አለች።
ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።
«በዚህ ብር ወይፈን ይገዛል፤ ወይፈን ደግሞ ያርሳል፤
ያንተ ስቶክሆልም ግን ታይቶ ብቻ ይቀራል።»
እውነቷን ነው።
እኔም የኖርኩት ታይቶ በሚቀር ነገር ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከባሕር ዳር ዳርቻ፣
ሰው ጭኖ ወደ ዘጌ፣ ሰው ጭኖ መመለስ ብቻ።
«በስተቀኝ ጉማሬ፣ በስተግራ ገዳም» —
ቃሌን ሐይቁ ያውቀዋል፤ እኔ ብረሳው አይረሳም።
የጢስ ዓባይ ውኃ ለመብራት ተወስዶ
ድንጋዩ ራቁቱን ሲቀር፣
ካሜራ ላንጠለጠለው፣ ያን ያህል ለተጓዘው፣
«በመስከረም ና» እለዋለሁ፤
በመስከረም የሚመጣው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ኤምባሲው ብዙ ጠየቀ፤ የባንክ ደብተር፣ ነጭ ጀርባ ፎቶ፣
የሥራ ማስረጃ፣ የሆቴል ቀጠሮ፣ ሁሉም ማኅተም ተመትቶ።
ከሁሉ የከበደኝ፦ «ለመመለስዎ ማረጋገጫ»።
ምን ላሳይ?
ያላለቀ ታንኳ አለኝ፣ ደንገሉ ፀሐይ ላይ የተሰጣ፤
ቶሎ ካልታሰረ ይሰባበራል፤ ለዚህ ማኅተም ከየት ይምጣ?

አለኸኝ ሳቀብኝ፣ የቀዘፋ ጓደኛዬ።
«ሐይቅ ላይ አድገህ ሐይቅ ለማየት? ጉድ ነው ጌታዬ!
የእኛ ደሴት ሠላሳ ሰባት፣ የእነሱ አሥራ አራት፤
በየትኛው ሒሳብ ነው ከብዙ ወደ ጥቂት?»
ሒሳቡን አላውቅም። መርከቧን ነው የማውቃት፦
በመጀመሪያ ቀኗ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያያት፣
ትንሽ ነፋስ መጣ፤ ዘመም አለች፣ ሰጠመች፤
ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት ከውኃ ሥር ከረመች።
አወጧት፣ አደረቋት፣ ቤትም ሠሩላት፤
ዛሬ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል ሊያያት።
የእኛዋ ታንኳ ውኃ ጠጥታ ስትከብድ
ዳር ላይ ትበሰብሳለች፤ ለእሳት እንኳ አትነድ።
ማንም ቤት አይሠራላት፤ ሄዳለቻ፣ ደርሳለቻ።
ሳትደርስ የከበረችውን ልያት፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ደግሞ በሰኔ ሌሊቱ እዚያ አይጨልምም ይላሉ፤
በቅጡ ካልመሸ፣ ንጋትን ከየት ይቆጥራሉ?
«የሰኔ ጾምስ» አለች ባንቺአየሁ፣ «በስንት ሰዓት ሊፈታ?»
«ጥላዬን በጫማ እለካለሁ» አልኳት፣ ለጨዋታ።
ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።
እዚያ ጥላ ይረዝማል፤ ስንት ጫማ ይሆን?

ትናንት ጠዋት ለልምምድ፣ ኮፍያዬን አጥልቄ፣
ለአለኸኝ ሒሳቡን ከፈልኩ፣ ሳልከራከር፣ አውቄ።
«አስጎብኘኝ» አልኩት። «ምን ላስጎብኝህ?» አለ፣
«ቃሉን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?» እየማለ።
ዝም አልን። ቀዘፈ።
ሻላ ዓሣ ይዞ አንገቱን ወደ ላይ ሲያነሣ፣
ፀሐይዋ ከጀርባው፣
ከመንቆሩ ሥር ያለው ከረጢት ቀላ፤
ደም ሥር አለው። ቀጫጭን፣ እንደ ቅጠል።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያውና ሻላ» ስል
አንድም ቀን አላየሁትም።

ዛሬ መልስ መጣ፤ ሁለት ቃል፦ «ጉዳይዎ ይታያል»።
ልጄን ጠራሁት፦ «ና፣ ስምህን ጽፈውልኛል!»
ሳቀ፤ ደብተሩን ወሰደ፤ የቤት ሥራ ነበረበት።

ብደርስ፣ ከዚያች መርከብ ቤት፣
ደረቷ ላይ ስሟን የለጠፈች አንዲት ልጅ ትኖራለች፤
«በስተቀኝ፣ በስተግራ» ትላለች።
ቃሏን እስክትጨርስ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ፤
እንግዶቿ ሲበተኑ ጠጋ ብዬ እጠይቃለሁ፦
«እሺ እኅቴ፣ መቼ ነው
አንቺ ራስሽ ያየሽው?»